ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ኮምፒውተሩን በገዛ እጁ የሚገጣጥም ጌመር ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ከአፉ የማትለይ አንዲት ጥያቄ አለችው፤ «አሁን ልግዛ ወይስ አዲሱ እስኪወጣ ልጠብቅ?» የምትል። ላይ ላዩን ስትታይ የገበያ ጥያቄ ናት። ዋጋውን፣ ፍጥነቱንና የሚወጣበትን ቀን ደምሮ ቀንሶ መልስ የሚገኝላት ትመስላለች። እኔ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ናት ባይ ነኝ። ስለ ዕቃ የምታወራ መስላ የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ገና ላልመጣ ነገር ሲባል ዛሬ ምን ያህል ሊጎድልበት ይገባል?

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። ግራፊክስ ካርድ ስክሪን ላይ የምናየውን ሥዕል የሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል ነው፤ ጌም ለሚጫወት ሰው ከሁሉም ክፍሎች የበለጠ ገንዘብ የሚበላውም እሱ ነው። ማዘርቦርድ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ ሲሆን፣ በላዩ ያለው ቺፕሴት ደግሞ የትኛው ፕሮሰሰር እንደሚሠራበትና ምን ያህል ነገር በምን ፍጥነት እንደሚሰካበት ይወስናል። ለሁለቱም በየአንድና በየሁለት ዓመቱ አዲስ «ትውልድ» ይወጣላቸዋል። ትውልድ የሚለው ቃል የእኔ አይደለም፤ የሻጮቹ ነው። አንድ ትውልድ ሁለት ዓመት በሚሞላበት ዓለም ውስጥ ስለ መጠበቅ ማሰብ እንግዲህ ቀላል አይሆንም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጠበቅ በእርግጥ ያዋጣ የነበረበት ዘመን አለ። ጎርደን ሙር በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ጻፈ፤ በ1975 ትንበያውን በየሁለት ዓመቱ ብሎ አሻሻለው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዛሬ ያልገዛ ሰው ነገ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ያገኝ ነበር። በ1999 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ይህን ይዘው ከፊሉ ቀልድ፣ ከፊሉ ቁም ነገር የሆነ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ኮምፒውተር በዚህ አኳኋን እየፈጠነ እስከሄደ ድረስ ከ26 ወር በላይ የሚፈጅ ስሌት ያለበት ሰው ዛሬ ባይጀምር ይሻለዋል አሉ። እጁን አጣጥፎ ቆይቶ፣ በኋላ አዲስ ማሽን ገዝቶ ቢጀምር ዛሬ ከጀመረው ሰው ቀድሞ ይጨርሳል። ስንፍና በሒሳብ ሲረጋገጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የዶክትሬት ጽሑፌ ላይም ላውለው ብዙ ጊዜ አምሮኛል።

ከዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ ከፍልስፍናው ክፍል፣ ጆን ፖሎክ በ1983 ያቀረበው እንቆቅልሽ ደግሞ የዚህኑ ነገር ሌላ ፊት ያሳያል። የማይሞት ሰው አለ እንበል። በእጁ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ይዟል፤ ወይኑ በቆየ ቁጥር እየጣፈጠ ይሄዳል፣ ጣዕሙ መጨመሩን ደግሞ መቼም አያቆምም። ሰውየው መቼ ይክፈተው? ዛሬ ከሚጠጣው ነገ ቢጠጣው ይሻላል፤ ነገ ከሚጠጣው ከነገ ወዲያ ይሻላል። እንዲህ እያለ ጠርሙሱን ሳይከፍት ዘላለም ይኖራል። ልብ በሉ፣ ሰውየው ሞኝ አይደለም። እያንዳንዱን ቀን ለብቻው ብናየው ውሳኔው ትክክል ነው። ትክክለኛ ውሳኔዎቹ ሲደመሩ ግን ወይን ሳይቀምሱ መኖርን ሰጡት።

የተለመደው መልስ «ከሁሉ የተሻለውን ቀን አትፈልግ፤ ደህና የሆነውን ቀን መርጠህ ጠጣ» የሚል ነው። መልሱ አይከፋኝም፤ ግን ችግሩን ወደ ሌላ ቃል አዛወረው እንጂ አልፈታውም። «ደህና» ማለት ምን ማለት ነው? የአሪዞናዎቹ ተመራማሪዎች መልስ ሊያገኙ የቻሉት የሚጨርሱት ሥራ ስለነበራቸው ነው። ሥራው መጨረሻ ስላለው መጠበቁም መጨረሻ አለው። ጌመሩ ግን «ለምን ጌም?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ የጌም ስም አይጠራም። «ወደፊት ለሚወጡት» ይላል። ገና ላልተሠራ ጌም፣ ገና ያልተሠራ ካርድ ይጠብቃል።

ያም ሆኖ ወይኑ በእርግጥ እየጣፈጠ ቢሄድ ኖሮ ነገሩ በከፊል ይቅር ይባል ነበር። ከ2020 ወዲህ ያሉትን ዓመታት ግን እንመልከት። በመስከረም 2020 መጀመሪያ የኤንቪዲያው ጄንሰን ህዋንግ ከመኖሪያ ቤቱ ማድቤት ሆኖ በተቀረጸ ቪዲዮ አርቲኤክስ 3080 የተባለውን ካርድ በ699 ዶላር አስተዋወቀ። ያለፈውን ትውልድ ዘልሎ የጠበቀ ሰው «ጥሩ አደረግሁ» አለ። መስከረም 17 ሽያጩ ሲከፈት ካርዱ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ፤ ከሰው ጣት ቀድሞ የሚያዝ ሶፍትዌር ያላቸው ነጋዴዎች ሰብስበው በእጥፍ መልሰው ሸጡት። ከዚያ የክሪፕቶ ማዕድን ቆፋሪዎቹ መጡ፤ ካርዱን ለጌም ሳይሆን ኢቴሪየም ለማምረት በደርዘን ገዙት። «ዋጋው እስኪረጋጋ» ተብሎ ሁለት ዓመት ተጠበቀ። በመስከረም 2022 አጋማሽ ኢቴሪየም አሠራሩን ቀይሮ ቆፋሪዎቹን አሰናበተ። ጌመሩ ገና «ተመስገን» ብሎ ሳይጨርስ፣ በአምስተኛው ቀን ቀጣዩ ትውልድ ታወጀ፤ የ3080 ተተኪ የሆነው 4080 ዋጋው 1,199 ዶላር። በዚያው ሰሞን ህዋንግ የሙር ሕግ ሞቷል ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ካርዱ ፈጣን አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ነገር ግን ትዕግሥት ዋጋ ይቀንሳል የሚለው የቆየ ውል ያን ሳምንት ፈርሷል፤ ውሉ መኖሩን ያመነው ደግሞ ጠባቂው ወገን ብቻ ነበር።

የመጠበቅ ሰዓት በማን እጅ እንዳለ የኮምፒውተር ታሪክ አስቀድሞ አሳይቶናል። በ1983 በሻንጣ መልክ የሚያዝ ኮምፒውተር በመሸጥ ስሙ ገንኖ የነበረው የኦስቦርን ኩባንያ ከሰረ። ገና ያልደረሰውን የተሻለ ሞዴል አስቀድሞ በማውራቱ ደንበኛው የቆመውን ትቶ የሚመጣውን ጠበቀ ይባላል፤ ሌላም ምክንያት ነበረው የሚሉ አሉ። የዛሬ ሻጮች ከዚያ ተምረዋል። ያለው እስኪሸጥ ዝም ይላሉ፣ ሲያልቅ ያውጃሉ። በመሃል ያለውን ዝምታ ወሬ ይሞላዋል፤ ሾልኮ የወጣ ሥዕል፣ የተገመተ የሜሞሪ መጠን፣ «ታማኝ ምንጭ» የጠቆመው ወር። ጠባቂው ታጋሽ የሆነ ይመስለዋል። ትዕግሥት ግን የራስን ሰዓት በራስ እጅ መያዝ ነው። እሱ የያዘው የሌላ ሰው ሰዓት ነው።

ወደ ማዘርቦርድ ስንመጣ ነገሩ ትንሽ መልኩን ይቀይራል፤ እኔም እዚህ ላይ ለጠባቂው አደላለሁ። ካርድ ዕቃ ነው፤ ማዘርቦርድ ግን ዕቃም ቃል ኪዳንም ነው። ሰው የሚገዛው ዛሬ ለሚሰካበት ፕሮሰሰር ብቻ ሳይሆን በኋላ ሊሰካበት ለሚችለውም ነው። በጥር 2017 የኢንቴልን ዜድ 270 ቺፕሴት የያዘ ሰሌዳ የገዛ ሰው በዚያው ዓመት ጥቅምት ስምንተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ሲወጣ በሩ ተዘጋበት። የፕሮሰሰሩ መቀመጫ በአሮጌውም በአዲሱም ሰሌዳ 1151 መነካኪያ ነጥቦች ነበሩት፤ ፕሮሰሰሩ ቦታው ላይ ይገባል፣ ግን አይሠራም። ኩባንያው ምክንያቱ የኃይል አቅርቦት ለውጥ ነው አለ። ገዢው ዘጠኝ ወር ብቻ «አዲስ» ሆኖ ከረመ።

ኤኤምዲ በበኩሉ ኤኤም 4 የተባለውን መቀመጫ በ2017 ይዞ ሲመጣ እስከ 2020 አልቀይረውም ብሎ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ርካሹን ቢ 450 ሰሌዳ ገዛ፤ ዛሬ መካከለኛ ፕሮሰሰር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻለው ብሎ አቀደ። በግንቦት 2020 ኩባንያው የሚመጣው ፕሮሰሰር በአዲሶቹ ቺፕሴቶች ላይ ብቻ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በአሮጌዎቹ ሰሌዳዎች ላይ ያለችው የማስነሻ ሶፍትዌር ማስቀመጫ ጠባብ ናት የሚል ምክንያት ሰጠ። ጩኸቱ ከየአቅጣጫው ተነሣ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሳኔው ተቀለበሰ። የማይቻለው ተቻለ ማለት ነው።

ያን ጊዜ የጮኹትን ሰዎች «ለኮምፒውተር ሰሌዳ ይህን ያህል?» ብለው የሳቁባቸው ነበሩ። እኔ አልስቅም። ቃል የተገባለት ሰው መጠበቅ መብቱ ነው፤ ሲቀርበት የሚያሰማው ጩኸት የስግብግብ ጩኸት አይደለም። ምኞት ብቻ የተሰጠው ሰው መጠበቅ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ዜና ያነብባሉ፣ አንድ ዓይነት ቀን ይቆጥራሉ፤ አንደኛው ግን ባለ ዕዳ አለው፣ ሌላኛው የለውም።

ቋንቋችን ይህን ልዩነት ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር። በአማርኛ መጠበቅ ማለት አንድም ሰው እስኪመጣ መቆየት፣ አንድም ያለን ነገር ከጉዳት መከላከል ነው። በግ ጠባቂው ይጠብቃል፤ ከደጅ የቆመው ባለ ጉዳይም ይጠብቃል። ቃሉን የጠበቀ ሰው የምንለውም በዚሁ ግሥ ነው። በመሆኑም ሲሆን ሲሆን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ነገር በእጁ አለ፤ የሚመጣው እስኪመጣ ያለውን ይንከባከባል። ግሡ ሲደጋገም ግን ሌላ ፍጥረት ይወጣዋል፤ መጠባበቅ። እዚህ ላይ የሚንከባከቡት ነገር የለም፤ ዓይን ከወዲያ ወዲህ ሲንከራተት ብቻ ነው የሚታየኝ። ከእሱም «ተጠባባቂ» የሚለውን አወጣን፤ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተጫዋች፣ ሹመቱ ያልጸናለት ተጠባባቂ ዳይሬክተር።

አዲስ ካርድ በሚጠባበቅ ሰው ቤት ተጠባባቂ የሚሆነው አሮጌው ካርድ ነው። በየማታው ይሠራል፣ ጌሙን ያጫውታል፣ ሆኖም ሹመቱ አልጸናለትም። ባለቤቱ አቧራውን አይጠርግለትም፤ «ሊቀየር ነው» ይላል። ከባዱን ጌም አይከፍትበትም፤ «በአዲሱ በደንብ እጫወተዋለሁ» ይላል። ገዝተው ሳይነኩ ያስቀመጧቸውን ጌሞች «በዚህ ካርድ ማየት ነውር ነው» የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። በስደት የኖረ አንባቢ ይህን ጠባይ ከኮምፒውተር ውጭም አያጣውም። «በሚቀጥለው ዓመት አገሬ እገባለሁ» እያለ አሥራ አምስት ዓመት ሶፋ ሳይገዛ የኖረ ሰው ያላየ ማን አለ? ግድግዳው ላይ ሚስማር አልመታም፤ ቤቱ ተጠባባቂ ነውና። የሰውየውን ናፍቆት ከግራፊክስ ካርድ ጋር ማነጻጸር ድፍረት እንዳይሆንብኝ እዚህ ላይ ልተወው።

መጠበቅ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ግን መነገር አለበት። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን በብሌንደር እየሣለ ይኖራል፤ ማታ ማታ ይጫወታል። ሲሠራበት የቆየው ካርድ በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ነበር። ከ2023 ጀምሮ ለአዲስ ካርድ በብር ሲቆጥብ ቆየ። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካርዱ ከዱባይ ቢመጣ ከአሜሪካ፣ ዋጋው የሚቆረጠው በዶላር ነው። ልጁ ገንዘቡን በጥንቃቄ ጠብቆ ነበር፤ ገንዘቡ ግን እሱን አልጠበቀውም። እዚህ በዶላርና በዩሮ የምንኖር ሰዎች «ትንሽ ታገሥ፣ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ይረክሳል» የምንለው ምክር እዚያ ሲደርስ ትርጉሙ ይገለበጣል።

በጥር 2025 መልእክት ላከልኝ። ህዋንግ ላስ ቬጋስ ላይ ቆሞ የ549 ዶላሩ አርቲኤክስ 5070 በ1,599 ዶላር የወጣውን የ4090ን ብቃት ይሰጣል ብሎ ነበር። «ሰማህ? ልጠብቅ እንዴ?» ይላል መልእክቱ።

ይህ ንግግር በምን ላይ እንደቆመ ማየት ለጉዳያችን ይጠቅማል። አዲሶቹ ካርዶች በእውነት ሠርተው ባወጡት በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ እስከ ሦስት የሚደርሱ ተገምተው የተሣሉ ፍሬሞችን ይጨምራሉ። ከ4090 ጋር የሚያስተካክላቸው ቁጥር እነዚህንም ቆጥሮ የተገኘ ነው። የተገመተው ፍሬም ደግሞ በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መካከል የሚገባ ስለሆነ ካርዱ ሁለተኛውን እውነተኛ ፍሬም ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ለቅጽበት ይዞ ማቆየት አለበት። ዓይን የውኃ ፍሰት የመሰለ እንቅስቃሴ ያያል፤ እጅ ግን የሰጠው ትእዛዝ በጥቂቱ ዘግይቶ እንደደረሰ ይሰማዋል። የዘገየውን ለማካካስ ሌላ ዘዴ ጨምረውበታል፤ የምሕንድስናውን ብልሃት አደንቃለሁ። አጠገቡ ያለውን እውነተኛ ሥዕል አዘግይቶ በግምት የተሣለውን የሚያስቀድም ማሽን ግን ከጠባቂዎቹ ጋር በጣም ተመሳሰለብኝ።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልጻፍኩለትም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ በአሁኑ ካርድ መሥራት አቅቶህ የመለስከው ሥራ አለ ወይ? መጫወት የምትፈልገው ጌም ስሙ ማን ነው? ለመጀመሪያው ሦስት ሥራ ቆጠረልኝ፤ ሁሉም ሜሞሪ አንሶት ነው። ለሁለተኛው አንድ ጌም ብቻ ጠራ፤ እሱም የወጣው ከዓመታት በፊት ነው። ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ገዛ፤ 12 ጊጋ ሜሞሪ ያለው በ2021 የወጣ ካርድ ነው። የጎረቤት ልጅ ከዱባይ ስትመጣ በሻንጣዋ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ ደረሰለት። አዲስ አይደለም፤ ምናልባትም ከቆፋሪዎቹ እጅ የተረፈ ይሆናል። ሥራውን ግን ተቀበለበት።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «መጠባበቁ ራሱ ደስታ ነው፤ ምን አገባህ?» የሚል። እውነት ነው። አዲስ ካርድ ሊወጣ ሲል ያለውን ሰሞን አውቀዋለሁ። ጓደኛሞች እስከ ሌሊት ቁጥር እየጠቀሱ ይከራከራሉ፤ ማንም ያልነካውን ዕቃ አንዱ ያወድሳል፣ ሌላው ያጣጥላል። ሊገዛው አቅም የሌለውም እኩል ይናገራል፤ ወሬው ነጻ ነውና። ካርዱ ሲገዛ ግን ጨዋታው ያበቃል፤ በሳምንቱ ስለ ቀጣዩ ይጀመራል። ለዚህ ሰው ካርዱ ሰበብ ነው፤ የሚወደው ዋዜማውን ነው። በዓልን ከዋዜማው አስበልጦ የማይወድ ሰው ስንፍና አለበት ልለው አልችልም፤ እኔም ብዙ ጊዜ ዋዜማው ይበልጥብኛል።

የማልቀበለው ይህን ደስታ ብልህነት ብሎ መጥራቱን ነው። ዋዜማውን እየወደዱ «ገንዘቤን በጥበብ እየተጠቀምኩ ነው» ማለት ራስን መደለል ነው፤ ከዚያ አልፎ ደግሞ ምክር ሆኖ ለሌላው ይተላለፋል። አንዱ በጨዋታ የተናገረውን «ጠብቅ» ሌላው በቁጠባው ይከፍልበታል።

ሮላን ባርት በ1977 ባሳተመው ስለ አፍቃሪ ንግግር በሚተርከው መጽሐፉ ውስጥ ስለ መጠበቅ አንዲት አጭር ተረት አስገብቷል። አንድ የቻይና ባለሥልጣን አንዲት ሴት ይወድዳል። እሷም መቶ ሌሊት በአትክልት ቦታዬ፣ ከመስኮቴ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ከጠበቅኸኝ የአንተ እሆናለሁ ትለዋለች። ሰውየው ይጠብቃል። በዘጠና ዘጠነኛው ሌሊት ተነሥቶ፣ በርጩማውን በብብቱ ሥር ይዞ ይሄዳል። ባርት ምክንያቱን አይነግረንም፤ በሴሚናር ክፍል ውስጥም ሁሌ የሚያከራክረው ይኸው ነው። አንዳንዱ ኩራት ነው ይላል፤ አንዳንዱ የወደደው መጠበቁን እንጂ ሴቲቱን አልነበረም ይላል። እኔን የሚገርመኝ በርጩማው ነው። ዘጠና ዘጠኝ ሌሊት የተቀመጠበትን ዕቃ ሳይረሳ ይዞት መሄዱ።